«መቼ ረጨኸው?» ብለሽ ጠይቂ

ልጄ፣ ባለፈው ከገበያ ስትመለሺ ዘንቢልሽን አይቼ እንግዳ ስለነበረ ዝም አልኩሽ። ቲማቲሙ ደም መስሏል፤ እምብርቱ ዙሪያ ግን ነጭ ነገር ደርቆበታል። በአውራ ጣቴ ባሸው ጣቴ ነጣ። እሱ አቧራ አይደለም፣ የመድኃኒት ርጭት ነው። አንቺ ደግሞ «ንጹሕ ምግብ የሀብታም ነው» አልሽኝ። አይደለም። እዚህ ሐይቅ ከተማ ልጆች ያሳደግሁት በሀብት አይደለም።

1. ገበሬውን «መድኃኒት ትረጫለህ?» አትበይው። «መቼ ረጨኸው?» በይው። ለፊተኛው ሁሉም «አልረጭም» ይላል፤ ለኋለኛው ግን ቆም ብሎ ማሰብ ግድ ይሆንበታል። አንድ ጊዜ አንድ ሰውዬ ቲማቲሙን አንስቼ ስጠይቀው አንገቱን ደፍቶ «እማማ፣ ትናንት ነው የረጨሁት፤ ዛሬ ይቅርብዎ» አለኝ። የዚያን ቀን ባዶ ዘንቢል ይዤ ገባሁ። ከዚያ ወዲህ ግን ደንበኛዬ እሱ ነው። መድኃኒት ከተረጨ በኋላ ሳይለቀም የሚቆይበት ቀን አለው፤ ዋጋ ሲወደድ ያን ቀን መታገሥ ለገበሬውም ከባድ ነው፣ አትፍረጂበት። ከእጁ ከገዛሽ ደላላው የሚወስደው ለሁለታችሁ ይተርፋል።

2. የሚረጨውን ከማይረጨው ለዪ። በመስኖ የሚመጣው ቲማቲም፣ ቀይ ሽንኩርትና ጥቅል ጎመን መድኃኒት ይበዛበታል። ያበሻ ጎመንና ዱባ ግን ብዙ አይነካቸውም፤ ለኪስም ይቀላሉ። ቲማቲም ጨርሰሽ ተዪ አላልኩም። ለወጥ ሁለት ፍሬ ይበቃል፤ በሚወርድ ውኃ እያሸሽ እጠቢው። ውኃ የላዩን እንጂ የውስጡን አያወጣምና በመታጠቡ ብቻ አትመኪ። ከጫት ማሳ ጥግ የበቀለ ጎመን ደግሞ በርካሽ ቢሰጡሽም እለፊው፤ ለጫቱ የተረጨውን ነፋስ ያመጣዋል።

3. ማዳበሪያን ከመርጨት ጋር አትቀላቅዪ። ዳፕና ዩሪያ ያልነካው ጤፍ ስትፈልጊ ልጆችሽ ጦማቸውን ያድራሉ። የአረም መድኃኒት ሳይረጭበት በእጅ የታረመ ካገኘሽ እሰየው፤ ካጣሽ ያገኘሽውን ብዪ።

4. እህል በጥር ግዢ። ከአውድማ እንደገባ ዋጋው ረከስ ይላል፤ ነሐሴ ላይ በጣሳ እየለካሽ ስትገዢ የበለጠ ትከፍያለሽ። አንድ ኩንታል ብቻዬን አልችልም ካልሽ ከሁለት ጎረቤት ጋር ተካፈዪ፤ እቁብሽም በዚያው ወር እንዲደርስሽ ለምኚ። እንቁላልን በጾም ወራት ግዢ፣ ፈላጊው ያን ጊዜ ይቀንሳል።

5. የነቀዝ ክኒን ቤትሽ አይግባ። ይህን ጠንከር አድርጌ ነው የምነግርሽ። ክኒኑ እርጥበት ሲያገኝ የሚያወጣው ጋዝ ነቀዙን ብቻ አይገድልም፤ እህል ባለበት ክፍል የተኛም ሰው ይሞታል። እናቶቻችን ሽምብራውንና ባቄላውን ፀሐይ ላይ አስጥተው፣ ሲበርድ ከጤፍ ጋር ቀላቅለው ያስቀምጡ ነበር። ጤፍን ነቀዝ አይበላውም፤ ደቃቅ ስለሆነም ክፍተቱን ሁሉ ሞልቶ ተባዩን መላወሻ ያሳጣዋል። ስትፈልጊ በወንፊት ትለዪዋለሽ፤ ጤፉም ሽምብራውም ያንቺው ነው።

6. ግቢ የለኝም አትበይ። አሮጌ ጆንያ አፈርና የበሰበሰ ፍግ ሙዪበት፣ ጎኑን ቀዳደሽ ጎመን ትከዪበት። አትክልት ያጠብሽበትን ውኃ አጠጪው። ቅጠሉን ከታች ከታች እየቀነጠብሽ ብትበዪ መልሶ ይሰጥሻል።

7. የታሸገ ነገር ላይ ለተጻፈ ቃል ገንዘብ አትጨምሪ። በ1998 ዓ.ም. የኦርጋኒክ ግብርና ሥርዓት አዋጅ ወጥቷል፤ የምስክር ወረቀቱ ግን በአብዛኛው የሚሠራው ወደ ውጭ ለሚላክ ቡናና ለመሰል ምርት ነው። ጉልት ላይ ያለው ማረጋገጫ የሻጩ ፊት ነው፤ እሱንም የምታነቢው ተመላልሰሽ ነው።

8. ስለ ሐይቃችን አስቢ። አባ ኢየሱስ ሞዓ የእስጢፋኖስን ገዳም ያቀኑበት ይህ ውኃ ከአርዲቦ ሐይቅ በኩል ወንዝ ይገባበታል እንጂ ከእሱ የሚወጣ ወንዝ የለም። ተረተሩ ላይ የተረጨው በዝናብ ታጥቦ እዚሁ ይወርዳል፤ እዚሁም ይቀራል። የምንበላውን ዓሣ፣ ቆሮሶውን፣ የምናወጣው ከዚያው ነው። እንግዲያ ሳይረጭ ያመጣልሽን ገበሬ ጎመኑን ትል በላው ብለሽ አትመልሺው፤ ትል የቀመሰውን ቅጠል ቀንጥሰሽ ጥለሽ የቀረውን ግዢ። አንቺ ካልገዛሽው ለከርሞ ረጭቶ ይመጣል።

ለሚመጣው ገበያ ፀሐይ ሳይበረታ ዘንቢልሽን ይዘሽ ነዪ። አንገቱን የደፋውን ሰውዬ አሳይሻለሁ።