ስለ ሌሊት ፍርሃት

ይድረስ ለተከበሩ መምህር፤ ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ ሌሊት ልቤ እየደለቀ እነቃለሁ። ብጸልይም ፍርሃቱ አይለቀኝም። እግዚአብሔር በእምነቴ ማነስ ተቆጥቶኝ ይሆን?
ወ/ሮ ማ.፣ ከደሴ

የተከበሩ እመቤት ሆይ፤

ከሐዘን በኋላ፣ ቤቱ ጭር ባለ ሌሊት ሥጋ መደንገጡ የባሕርያችን ድካም እንጂ የክሕደት ምልክት አይደለም፤ ፍርሃትዎን የሚያጸናውስ፣ እንደሚመስለኝ፣ አምላክዎን እንደ ተቆጣ ዳኛ አድርገው ማሰብዎ ነው። ነቢዩ ኤልያስ ከኤልዛቤል ሸሽቶ ከክትክታ ዛፍ ሥር ሞትን በለመነ ጊዜ፣ መሐሪው እግዚአብሔር ስለ ፍርሃቱ አንዳች ሳይወቅሰው እንዲተኛ ተወው፤ መልአኩንም ልኮ እንጎቻና በማሰሮ ውኃ አቀረበለት፤ ተመልሶ ቢተኛም ዳግመኛ መገበው፤ «በዚህ ምን ታደርጋለህ?» ብሎ የጠየቀው ከዚህ ሁሉ በኋላ በኮሬብ ነው። ይህ ቅደም ተከተል ዘወትር ያስደንቀኛል።

ስለዚህ ሲነቁ ከፍርሃቱ ጋራ አይታገሉ፤ መብራት አብርተው፣ ትንፋሽዎን በዝግታ እየሳቡ፣ አጭር ጸሎት ይድገሙ፤ የማታ ቡና ይተዉ፤ ቢቻል ከዘመድ አንዲት ልጅ አብራዎት ትደር። የልቡ ድለቃ ከደረት ሕመም ወይም ከትንፋሽ ማጠር ጋራ ከመጣ ግን ሳይውሉ ሳያድሩ ሐኪም ይይዎት፤ እንቅልፍ ማጣቱ ለሳምንታት ከዘለቀ ወይም ሞትን መመኘት ከጀመሩም፣ ለነፍስ አባትዎና ለአእምሮ ሐኪም ሳይሸሽጉ ይንገሩ።