የሠዓሊ ቀለም እንደ ሳይንሳዊ ማስረጃ፦ የፉርቴስ ሥዕሎች ለቦረና ሳይንት ያላቸው ትምህርት

ይህ አጭር ጽሑፍ የዱር እንስሳት ሥዕል ለሥነ ሕይወት ጥናት የሚሰጠውን ማስረጃ ይመረምራል። አሜሪካዊው የአዕዋፍ ሠዓሊ ሉዊስ አጋሲዝ ፉርቴስ እ.ኤ.አ. በ1926 እና በ1927 ከቺካጎው ፊልድ ሙዚየም የጥናት ቡድን ጋር በኢትዮጵያ ተዘዋውሮ ከ100 በላይ የውሃ ቀለም ሥዕሎችን ሠርቷል። አገሩ በተመለሰበት ዓመት መኪናው ከባቡር ጋር ተጋጭቶ ሕይወቱ አለፈ፤ ሥዕሎቹ ግን ተረፉ። ሙዚየሙም በ1930 የተወሰኑትን አሳተመ።

ሥራው ለሳይንስ የጠቀመው በአሠራሩ ነው። የወፍ ላባ ቀለሙን ለረጅም ዘመን ሲጠብቅ፣ የዓይን፣ የመንቁርና የእግር ቀለም ግን ወፉ ከሞተ በኋላ ፈጥኖ ይደበዝዛል። ፉርቴስ ይህ ከመሆኑ በፊት እዚያው በመስክ ይሥል ነበር።

ነጥቡ ለአጅባርና ለመካነ ሰላም አካባቢ፣ በተለይም ለቦረና ሳይንት ብሔራዊ ፓርክ፣ ቅርብ ነው። በፓርኩ የሚኖረው ጭላዳ በደረቱ ላይ ያለው ገላጣ ቀይ ቆዳ እንደ ወንዱ የበላይነት ደረጃ ይደምቃል ወይም ይፈዝዛል። ይህን ለውጥ በሙዚየም የተቀመጠ ደረቅ ቆዳ አያሳይም። ፎቶግራፍም ቢሆን እንደ ብርሃኑ ሁኔታ ቀለሙን ሊለውጠው ይችላል። ስለዚህ በፓርኩ የሚካሄድ ጥናት ሠዓሊን ቢያካትት፣ ቦታ፣ ቀንና ሰዓት የተጻፈበት ሥዕል ከቆጠራው ጎን የሚቆም ማስረጃ ይሆናል።