የቪዲዮ ጨዋታና ጠበኝነት፦ ምን ተለካ? ምን ያህል ሆነ?

ተኩስና ግድያ የሚታይባቸው የቪዲዮ ጨዋታዎች ወጣቶችን ጠበኛ ያደርጋሉን? ይህ ጥያቄ ወላጆችን፣ መምህራንንና ሕግ አውጪዎችን ለረጅም ዓመታት ሲያከራክር ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ1999 በአሜሪካ ኮሎራዶ ግዛት፣ በኮሎምባይን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የደረሰው እልቂት ክርክሩን አጋግሎታል፤ ገዳዮቹ ሁለት ተማሪዎች «ዱም» የተሰኘውን ጨዋታ ያዘወትሩ ነበርና። ይሁን እንጂ ያንኑ ጨዋታ የተጫወቱ እጅግ ብዙ ወጣቶች ማንንም አልገደሉም። ስለዚህ ከአንድ ክስተት ተነሥቶ መደምደም አይቻልም። በፊዚክስ ቤተ ሙከራ እንደምናደርገው ሁሉ፣ ከፍርዱ በፊት ሦስት ጥያቄዎችን እናንሣ።

1. የተለካው ምንድን ነው?

ወንጀልን በቤተ ሙከራ ውስጥ ማስፈጸም አይቻልም። ስለሆነም ተመራማሪዎች በምትኩ ሌላ ነገር ይለካሉ። በብዙ ሙከራዎች ተሳታፊው ለጥቂት ደቂቃዎች ከተጫወተ በኋላ፣ ተፎካካሪው የሚሰማውን የሚረብሽ ድምፅ ኃይልና ርዝመት እንዲመርጥ ይደረጋል። ድምፁን ከፍ ያደረገ የበለጠ ጠበኛ ተብሎ ይመዘገባል። በቴርሞሜትር የምንተማመነው ሜርኩሪ ሲሞቅ የሚሰፋው በታወቀ ሕግ በመሆኑ ነው። የድምፅ ቁልፍ ማዞር ሰውን ከመደብደብ ጋር ምን ያህል እንደሚዛመድ ግን ዛሬም ባለሙያዎችን ያከራክራል።

2. መጠኑ ስንት ነው?

እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት ከ17,000 በላይ ወጣቶችን ያካተቱ 24 ምርምሮችን በአንድነት መርምሯል። በጨዋታውና ውሎ አድሮ በታየው አካላዊ ጠበኝነት መካከል ቁርኝት ተገኝቷል፤ ሌሎች ሁኔታዎች ከታሰቡ በኋላ ግን መጠኑ 0.08 ገደማ ነበር። ፍጹም ቁርኝት 1፣ የቁርኝት አለመኖር ደግሞ 0 ነው። 0.08 በራሱ ሲባዛ 0.0064 ይሆናል። በግምት ሲታይ፣ በወጣቶች መካከል ካለው የጠበኝነት ልዩነት ከጨዋታው ጋር የሚያያዘው ከ1 በመቶ ያነሰው ነው ማለት ነው። በአንጻሩ የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጡት ጥናት፣ በ1,004 የብሪታንያ ወጣቶች ላይ ምንም ዝምድና አላገኙም።

3. መንስኤው የትኛው ነው?

ጃንጥላ በበዛበት ቀን ጎርፍም ይበዛል፤ ጎርፉን ያመጣው ግን ዝናቡ እንጂ ጃንጥላው አይደለም። ወንዶች ልጆች ከሴቶች ይልቅ እነዚህን ጨዋታዎች ያዘወትራሉ፤ ይደባደባሉም። ጠብ የሚወድ ልጅ ራሱ እንዲህ ያለውን ጨዋታ ሊመርጥም ይችላል። የተቃራኒው ወገን ክርክርም በዚሁ ሚዛን ይታያል። በአሜሪካ ከ1990ዎቹ አጋማሽ በኋላ የጨዋታዎቹ ገበያ ሲሰፋ የወጣቶች የኃይል ወንጀል ቀንሷል፤ ይህ ግን ጨዋታው ጠብን ያበርዳል ለማለት አያበቃም።

የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2011፣ ለልጆች ሽያጭን የሚከለክለውን የካሊፎርኒያ ሕግ 7 ለ2 በሆነ ድምፅ ሲሽር፣ የቀረቡት ጥናቶች መንስኤነትን አላረጋገጡም ብሏል። የአሜሪካ የሥነ ልቦና ማኅበርም እ.ኤ.አ. በ2020 እንደ መጮኽና መገፋፋት ካሉ ድርጊቶች ጋር አነስተኛ ዝምድና መኖሩን ሲቀበል፣ የኃይል ወንጀልን በጨዋታው ለማሳበብ በቂ ማስረጃ እንደሌለ ገልጿል።

አነስተኛ ማለት ግን ባዶ ማለት አይደለም። ወላጅ ለልጁ ዕድሜ የሚስማማውን ጨዋታ መምረጡ ተገቢ ነው። ለጥፋት ሁሉ ጨዋታውን ተጠያቂ ማድረግ ግን እውነተኛውን መንስኤ ሳይፈለግ ያስቀረዋል። ውድ ተማሪዎች፣ «በጥናት ተረጋግጧል» የሚል ዜና ስትሰሙ እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች አስቀድሙ።