‹‹ብርድ ነው›› እያልኩ አራት ወር

ዛሬ የማወጋችሁ ለቅርብ ጓደኛ እንኳ ለመናገር የሚያሳፍር ጉዳይ ነው። ይሁን እንጂ እኔ የሄድኩበትን የተሳሳተ መንገድ ሌላ እህቴ እንዳትደግመው ስል ለመጻፍ ወስኛለሁ።

የምኖረው ዲላ ከተማ ነው። ቀን ሱቅ ውስጥ እሠራለሁ፤ ማታ እማራለሁ። እጮኛዬ ይርጋጨፌ አካባቢ የቡና ሥራ ላይ ስለሆነ የምንገናኘው አልፎ አልፎ ነው። ችግሩ የጀመረኝ ቡና በሚለቀምበት ወቅት ነበር። ቢጫ መልክ ያለው፣ ሽታው የተለወጠ የማህፀን ፈሳሽ ይታየኝ ጀመር። ያሳክከኛል፤ ስሸና ያቃጥለኛል። አብራኝ የምትኖረው ጓደኛዬን ሳማክራት ‹‹ብርድ ነው፤ ሲሚንቶ ላይ ቁጭ ብለሽ ይሆናል›› አለችኝ። እፎይ አልኩ። ብርድ ከሆነማ ማን ያፍርበታል?

ውስጤን ሳይቀር በሳሙናና በሎሚ ውኃ መታጠብ ጀመርኩ፤ ባሰብኝ። መድኃኒት ቤት ሄጄ ‹‹ለእህቴ ነው›› ብዬ ኪኒን ገዛሁ። ለጥቂት ሳምንታት ተሻለኝ። እጮኛዬ መጥቶ ከተመለሰ በኋላ ግን አገረሸብኝ። ደግሜ ገዛሁ፤ ከጓደኛዬ የተረፈ አሞክሲሲሊንም ጨመርኩበት። በአራተኛው ወር ፈሳሹ መልኩን ቀይሮ እንደ አይብ ነጭና ወፍራም ሆነ። ማሳከኩም እንቅልፍ ነሳኝ።

ጤና ጣቢያ ያልሄድኩት ለምን መሰላችሁ? አንደኛ፣ የሚያውቀኝ ሰው ካየኝ ‹‹ምን ሆና ነው?›› ይላል ብዬ ነው። ሁለተኛ፣ ሌሊት ሌሊት ‹‹ኤች አይ ቪ ቢሆንስ?›› የሚል ሐሳብ ያባንነኝ ነበር። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚለውን አባባል እያወቅኩ ደበቅኩ።

ማንም ያልጠየቀኝ ጥያቄ

በመጨረሻ ሲብስብኝ ሄድኩ። የተቀበለችኝ ሲስተር በሩን ዘግታ በጥያቄ ጀመረች። ‹‹እህቴ፣ መቼ ጀመረሽ? መልኩና ሽታው እንዴት ነው? ምን ምን መድኃኒት ወሰድሽ? በምን ትታጠቢያለሽ? እጮኛሽስ ታክሟል?›› የመጨረሻው ጥያቄ አስደነገጠኝ። እስከዚያ ቀን እሱ ይታከማል ብዬ አስቤ አላውቅም።

ከዚያ መረመረችኝ፤ ከፈሳሹም ናሙና ወስዳ ወደ ላቦራቶሪ ላከችው። ሽንቴም ለስኳርና ለእርግዝና ታየ። የምክር አገልግሎት ካገኘሁ በኋላ በፈቃዴ የኤች አይ ቪ ምርመራ አደረግኩ። የኤች አይ ቪ ውጤቴ ነጌቲቭ ነበር። በማይክሮስኮፕ የታየው ግን ሁለት ነገር ነው፦ ትሪኮሞናስ የተባለ ጥገኛ ተሕዋስና ካንዲዳ የተባለ ፈንገስ። አንዱን ሳባርር ሌላውን ጠርቼው ኖሯል!

አንድ ምልክት፣ ብዙ መንስኤ

ሲስተር እንዳስረዳችኝ ፈሳሽ ሁሉ በሽታ አይደለም። ጤናማው ነጣ ያለ ወይም እንደ ውኃ የጠራ ነው፤ አያሳክክም፤ መጥፎ ሽታም የለውም። በብልት ውስጥ የሚኖሩ ጠቃሚ ባክቴሪያዎች አሲድ እያመነጩ ሌሎች ጀርሞች እንዳይበዙ ይከላከላሉ። ይህ ሚዛን ሲዛባ ወይም ከውጭ በሽታ ሲገባ ችግሩ ይመጣል። በብዛት የሚታዩት ሦስት ናቸው፦

• የባክቴሪያ ሚዛን መዛባት፦ ፈሳሹ ስስና ግራጫ ሆኖ፣ በተለይ ከግንኙነት በኋላ የዓሣ ሽታ ይኖረዋል። ውስጥን መታጠብ ያባብሰዋል።
• ካንዲዳ፦ አይብ የመሰለ ፈሳሽና ኃይለኛ ማሳከክ ያመጣል። እንደ አባላዘር በሽታ አይቆጠርም። አንቲባዮቲክ፣ እርግዝናና የስኳር በሽታ ያነሳሱታል። በዓመት 3 ጊዜና ከዚያ በላይ ከተመላለሰ ስኳርና ኤች አይ ቪ መመርመር ተገቢ ነው።
• ትሪኮሞናስ፦ አረፋ ያለው፣ ቢጫ ወይም አረንጓዴ ፈሳሽ ያስከትላል። በግብረ ሥጋ ግንኙነት ይተላለፋል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ብቻ 156 ሚሊዮን ሰዎች በአዲስ እንደተያዙ ገምቷል።

ጨብጥና ክላሚዲያም ፈሳሽ ያመጣሉ፤ ካልታከሙ ወደ ማህፀን ወጥተው መካን ሊያደርጉ ይችላሉ። ስለዚህ በመልክ ብቻ ገምቶ መድኃኒት መግዛት ጨለማ ውስጥ ድንጋይ እንደ መወርወር ነው። የላቦራቶሪ ምርመራው ባልተሟላበት ጤና ጣቢያ ባለሙያው በምልክቱና በምትሰጪው መልስ ተመርኩዞ ያክማል። አፍረሽ የደበቅሽው መልስ ሕክምናውን ያሳስታል።

የእኔ እንቆቅልሽም ተፈታ። ኪኒኑ ትሪኮሞናስን ቢያጠፋም እጮኛዬ ስላልታከመ መልሶ ያዘኝ። አሞክሲሲሊኑ ደግሞ ጠቃሚዎቹን ባክቴሪያዎች ገድሎ ለፈንገሱ ቦታ ለቀቀለት።

ከባዱ ሥራ

ለእጮኛዬ መንገር ከሕመሙ ይከብድ ነበር። ስነግረው ፊቱ ተለዋወጠና ‹‹ከማን አመጣሽው?›› አለኝ። እኔም ያንኑ ልጠይቀው ነበር። ሲስተር የነገረችኝን ነገርኩት፦ ትሪኮሞናስ በተለይ በወንዶች ላይ ምልክት ሳያሳይ ለወራት ሊቆይ ይችላል፤ ማን መቼ እንዳመጣው ምርመራው አይናገርም። ሁለት ቀን ዝም አለኝ። በሦስተኛው ቀን በመጀመሪያው መኪና ዲላ ገባ። አብረን ታከምን፤ እስክንጨርስና ምልክቱ እስኪጠፋ ከግንኙነት ታቀብን። እሱም የኤች አይ ቪ ምርመራ አደረገ። ከ3 ወር በኋላ ሁለታችንም ስንመረመር ነጻ ነበርን።

እድለኛ ነኝ። ትሪኮሞናስና የባክቴሪያ ሚዛን መዛባት ለኤች አይ ቪ የመጋለጥ ዕድልን ይጨምራሉ፤ የተቆጣ ገላ ለቫይረሱ በር ይከፍታልና። ‹‹ብርድ ነው›› ስል የከረምኩት ያንን በር ከፍቼ ነው።

ልብ በሉ!

• ውጪውን በውኃ ታጠቡ፤ ውስጡን በሳሙና፣ በሎሚም ሆነ በዴቶል አትንኩ።
• የሌላ ሰው ትራፊ መድኃኒት አትውሰዱ፤ የታዘዘላችሁን ሳታቋርጡ ጨርሱ።
• የአባላዘር በሽታ ከተገኘ ጓደኛችሁም አብሮ ይታከም፤ ኮንዶም ተጠቀሙ። በብልት ውስጥ የሚገቡ ቅባትነት ያላቸው የፈንገስ መድኃኒቶች ኮንዶምን ሊያሳሱ ስለሚችሉ ባለሙያ ጠይቁ።
• ከሆድ በታች ሕመም፣ ትኩሳት፣ ቁስል ወይም ያለ ወር አበባ ደም ካለ፣ ወይም ነፍሰ ጡር ከሆናችሁ አንድ ቀን አትዘግዩ።

ሲስተር ስትሸኘኝ ‹‹አራት ወር ሙሉ ምን አስቀመጠሽ?›› ብላ ነበር የጠየቀችኝ። መልስ አልነበረኝም። እናንተ ግን ሳይጠይቋችሁ ሂዱ።