ለልምምድ የሚመጡ የጤና ተማሪዎች

ጤና ጣቢያ ስትሄዱ ነጭ ጋዋን የለበሱ ወጣቶች ታያላችሁ። ሁሉም ሐኪሞች አይደሉም። አንዳንዶቹ እንደ እኛ ተማሪዎች ናቸው። ተማሪ ገጠር ድረስ ለምን ይመጣል?

ነገሩ በአገራችን ቆይቷል። በ1947 ዓ.ም. በጎንደር የጤና ኮሌጅ ተከፈተ። ከዚያ በፊት በደምቢያ ሜዳ ወባ ብዙ ሕዝብ ፈጅቶ ነበር። ኮሌጁ የጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያ አሠለጠነ። ሦስቱም በአንድ ቡድን ሆነው ወደ ገጠር ጤና ጣቢያ እየወረዱ ይማሩ ነበር። አንዱ በሽተኛ ያያል፤ አንዷ እናትና ሕፃን ትከታተላለች፤ አንዱ ምንጭና ጉድጓድ ይመረምራል።

ገጠር መላክ ብቻውን ግን ትምህርት አይሆንም። ጓደኞቻችን በተመደቡበት አንድ ጣቢያ የሚያስተምራቸው ሰው አልነበረም። ማደሪያም አልተዘጋጀም። ካርድ ሲያወጡ፣ መዝገብ ሲገለብጡ ከረሙና ተመለሱ። ከዚህ ማን ተጠቀመ? ነገ ያ ተማሪ ምጥ የያዛት ሴት ብቻውን ትገጥመዋለች። ዛሬ አዋላጅ አጠገቡ ቆማ ካላሳየችው፣ ያን ጊዜ ከማን ሊማር ነው?

ሕዝቡም ያስተምረናል። በአንድ መንደር ሽንት ቤት ስንቆጥር፣ ወረቀቱ የሚጠይቀው «ስንት አለ?» ብቻ ነበር። አንዲት እናት፣ «ልጆቼ፣ ጉድጓዱንማ ቆጠራችሁ፤ ማን ይገባበታል ብላችሁ አትጠይቁም እንዴ?» አሉን። እውነታቸውን ነው። ብንጠይቅ፣ የጉድጓዱ አፍ ሰፊ ስለሆነ ሕፃናቱ እንወድቃለን ብለው ይፈራሉ፤ ወደ ማሳው ይሄዳሉ። ዝናብ ሲጥል ያ ሁሉ ወደ ምንጩ ይወርዳል። ክፍል ውስጥ ይህን ማን ይነግረን ነበር?

ወጣት ሊያክማችሁ ሲቀርብ፣ «ተማሪ ነህ ወይ? አስተማሪህስ የት አለ?» ብላችሁ ጠይቁ። ነውር የለበትም። አስተማሪው ከሌለ ይጠራልኝ በሉ። ተማሪ እንዲያያችሁ ካልፈለጋችሁም አልፈልግም ማለት ትችላላችሁ። ብትፈቅዱልን ግን ደስ ይለናል፤ የምንማረው በእናንተ ነውና።

ሌላም አለ። ተማሪዎች ስለ ምንጫችሁና ስለ ልጆቻችሁ የጻፉት ሁሉ ከተማ ገብቶ መቅረት የለበትም። ከመሄዳቸው በፊት አንዱን ግልባጭ ለቀበሌው ይስጡ። ተቀብላችሁ ራሳችሁ አንብቡት፤ የተሳሳተ ካለም ንገሯቸው።