ባሌስትራው ሲወጣ አክስሉን ማን ይይዘዋል?

የሙያ ትምህርት

ማዮን የሚያውቅ ሁሉ ውሃ የሚያመላልሰውን የአህያ ጋሪ፣ በአረብኛ «ካሮ» የሚባለውን፣ ያውቃል። አንድ በርሜል 200 ሊትር ያህል ይይዛል፤ ሁለት በርሜል ሲሞላ ውሃው ብቻ 400 ኪሎ ነው። ጋሪው ጉድጓድ ውስጥ በገባ ቁጥር ይህ ሁሉ ክብደት አክስሉን ይመታዋል። ስለዚህ ከአሮጌ መኪና የወጣ ሞላ ለጋሪ ወይም በእጅ ለሚሠራ ትንሽ መኪና ለመግጠም የሚያስቡ ባለሙያዎች አሉ። ሐሳቡ መልካም ነው። ነገር ግን ብየዳው ከመጀመሩ በፊት አንድ ጥያቄ መመለስ አለበት፤ አክስሉን በቦታው የሚይዘው ምንድን ነው?

1. የባሌስትራ ሁለት ሥራ

በሱዳን መንገዶች ለብዙ ዓመታት ያገለገሉት የቤድፎርድ ጭነት መኪኖች በባሌስትራ ላይ የተቀመጡ ነበሩ። ባሌስትራ ክብደት እንደሚሸከም ሁሉም ያያል። ሁለተኛው ሥራው ግን አይታይም። መሐሉ ከአክስሉ ጋር በቡሎን ስለታሰረ፣ አንዱ ጫፉም ከሻንሲው ጋር በፒን ስለተያዘ፣ አክስሉ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ወይም ወደ ጎን እንዳይሸሽ፣ በራሱም ላይ እንዳይዞር ያደርገዋል።

ሞላ ክብደት ከመሸከም በቀር ይህን ማድረግ አይችልም። ስለዚህ ባሌስትራ አውጥቶ ሞላ የሚገጥም ሰው ሁለተኛውን ሥራ በዘንግ መተካት ግዴታው ነው።

2. ዘንጎቹና ሥራቸው

ሀ. የቁመት ዘንግ፦ በግራና በቀኝ አንዳንድ ሆኖ ከሻንሲው ወደ አክስሉ ይሄዳል። አክስሉ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እንዳይሄድ ይይዛል።

ለ. የጎን ዘንግ፦ አንድ ጫፉ በአንድ ወገን ከሻንሲው ጋር፣ ሌላው በተቃራኒው ወገን ከአክስሉ ጋር ይታሰራል። አክስሉ ወደ ጎን እንዳይሄድ ይይዛል። በፈረንሳዩ መኪና ሠሪ ስም «ፓናር» ይባላል።

ሐ. የላይ ዘንግ፦ ሞተር ጎማውን ሲያዞር ወይም ፍሬን ሲያዝ አክስሉ በራሱ ላይ ሊዞር ይሞክራል። ይህን የሚከለክለው ከአክስሉ በላይ የሚታሰር ዘንግ ነው። ሁለት የላይ ዘንጎች አግድም ተዘንብለው ከተገጠሙ የጎኑንም ሥራ ስለሚሠሩ ፓናር አያስፈልግም። ድንጋያማ ቦታ ለመውጣት በእጅ የሚሠሩ መኪኖች ብዙ ጊዜ በዚህ ዓይነት ይሠራሉ።

ምሳሌውን ቆሞ ማየት ይቻላል። ከእ.ኤ.አ. 1999 ወዲህ የተሠሩት 78 እና 79 የሚባሉት ላንድ ክሩዘሮች ፊታቸው በሞላ፣ ኋላቸው በባሌስትራ ነው። ከፊት በየጎኑ ያለው ረጅም ዘንግ ከአክስሉ ጋር በሁለት ቦታ በጎሚኒ ስለታሰረ የቁመቱንም የላዩንም ሥራ ለብቻው ይሠራል፤ የጎኑን ፓናር ይይዛል። ለጋሪ የሚቀለው ይህ አሠራር ነው።

3. ርዝመት ለምን ይጠቅማል?

ዘንግ አንድ ጫፉ ስለተያዘ ሌላው ጫፉ ክብ እየሠራ ነው የሚወጣው። 40 ሳንቲ ሜትር የሆነ አግድም ዘንግ ጫፉ 10 ሳንቲ ሜትር ቢነሳ 1.3 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሳባል። 80 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ግን የሚሳበው 0.6 ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ቦታ እስከፈቀደ ድረስ ዘንጉ ይርዘም፤ የግራና የቀኙም እኩል ይሁን፤ ጭነት ሲጫንም ወደ አግድም ይቅረብ።

4. ጥንቃቄ

• የጋሪው መሳቢያ እንጨት ከጋሪው አካል ጋር ስለሚታሰር የአህያዋ ጉልበት ወደ ጎማው የሚደርሰው በቁመት ዘንጎቹ በኩል ነው። አንዱ ብየዳ ቢለቅ አክስሉ ይጣመማል፤ ጭነቱም ሊገለበጥ ይችላል። የሚበየደውን ቦታ ከዝገትና ከቀለም አጽዱ፤ ማሰሪያውንም በወፍራም ብረት ደግፉ።
• በዘንጎቹ ጫፍ ጎሚኒ ይኑር። ደረቅ ብረት ከብረት ጋር ከታሰረ አንዱ ጎማ ብቻ ሲነሳ ዘንጉ ይጠመዘዛል፤ ውሎ አድሮም ይሰነጠቃል።
• ሞላ ያለ ሾክ አብዞርበር መዝለሉን ቶሎ አያቆምም።
• በክሪክ ብቻ ከተነሳ ጋሪ ወይም መኪና ሥር አትግቡ፤ ጠንካራ ድጋፍ አስቀምጡ።
• ሥራው ሲያልቅ በመጀመሪያ ባዶውን፣ ቀጥሎ በግማሽ ጭነት ሞክሩ። አንዱን ጎማ ድንጋይ ላይ አውጥታችሁ ዘንግ ከሻንሲ ጋር የሚጋጭበት ቦታ እንዳለ ተመልከቱ።

በመጨረሻም፣ ዕቃ ለመምረጥ ዕድል ያለው ሰው ለውሃ ጋሪ ያልተሰነጠቀ አሮጌ ባሌስትራ ቢመርጥ ይሻለዋል። ሁለቱንም ሥራ በአንድ ዕቃ ይሠራለታል፤ የሚበየደውም ቦታ ይቀንስለታል። ሞላ የሚያዋጣው ዘንጎቹን በሙሉ ለመሥራት ብረቱም ጊዜውም ላለው ነው።

የመለማመጃ ጥያቄዎች

1. ፓናር የሌለው፣ ሁለት የቁመት ዘንግ ብቻ ያለው አክስል በየትኛው አቅጣጫ ይሸሻል?
2. ሞተር ያለው መኪና የላይ ዘንግ ለምን ያስፈልገዋል?
3. በአቅራቢያችሁ የቆመ አንድ መኪና ተመልከቱ፤ አክስሉን የሚይዘው ምንድን ነው?