የሰርቪስ ቤት መጋቢ ሽቦ ውፍረት እንዴት ይመረጣል?

የምኖርበት ግቢ ሰርቪስ ቤት እንጀራ የሚጋገርበት ነው። ምጣዱና ምድጃው አብረው በተሰኩ ቍጥር ብሬከሩ እየወረደ ቢያስቸግር፥ የተጠራው ሠራተኛ 20 አምፔሩን ነቅሎ 40 አምፔር ተከለና ሄደ። ሁሉም ተደሰተ። ለፋሲካ ሁለተኛ ምጣድ ተጨመረ፤ ብሬከሩም አልወረደም። ኋላ ግን የሽታው ምክንያት ቢፈለግ፥ በቱቦው ውስጥ ያለው ባለ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ፕላስቲኩ ቀልጦ ተገኘ። የቤቱ ሠራተኛ የምትተኛው ከዚያው ግድግዳ ሥር ነበር።

ብሬከር የሚጠብቀው ምጣዱን ሳይሆን ሽቦውን ነው። ስለዚህ ሽቦው ሳይለወጥ ብሬከሩን ማሳደግ ዘበኛውን ማሰናበት ነው።

መጋቢ ሽቦ የምንለው ከዋናው ማከፋፈያ ሣጥን ተነሥቶ ንኡሱን ሣጥን የሚቀልበውን ነው። ስንመርጠው ሁለት ነገር እንጠይቃለን፤ ሳይግል ስንት አምፔር ይሸከማል? በመንገድስ ስንት ቮልት ይጠፋል? ብዙዎቻችን ሁለተኛውን እንዘነጋለን።

ምጣዱ 3500፥ ምድጃው 1500፥ አምፖሉና ልዩ ልዩ ዕቃው 500 ዋት ቢሆን ድምሩ 5500 ዋት ነው። ለ220 ቮልት ሲካፈል 25 አምፔር ይሆናል። በግድግዳ ላይ ቱቦ ውስጥ የሚሄድ፥ ፕላስቲክ የለበሰ የመዳብ ሽቦ አየሩ 30 ዲግሪ ሲሆን፥ 2.5 ካሬው 24 አምፔር፥ 4 ካሬው 32፥ 6 ካሬው 41፥ 10 ካሬው 57 ይሸከማል። እንግዲህ 4 ካሬው ከ32 አምፔር ብሬከር ጋር የሚበቃ ይመስላል። (ድሬዳዋን በመሰለ ቆላ አየሩ 40 ዲግሪ ሲደርስ ግን 32ቱ ወደ 28 ይወርዳል፤ ያ ብሬከርም አይሆነውም።)

አሁን ርቀቱን እንይ። ሰርቪስ ቤቱ ከዋናው ሣጥን 45 ሜትር ይርቃል፤ ኮረንቲ ሄዶ ስለሚመለስ 90 ሜትር ብለን እናስላ። 1 ሜትር ርዝመትና 1 ካሬ ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው መዳብ በ20 ዲግሪ ሙቀት 0.0175 ኦም ያህል ተቃውሞ አለው። 90ን በ0.0175 አባዝተን ለ4 ብናካፍል 0.394 ኦም፥ ይህንንም በ25 አምፔር ብናባዛ 9.8 ቮልት ይጠፋል። ይህም 4.5 በመቶ ነው። የምጣድ ኃይል የሚቀንሰው በቮልቱ ካሬ ስለሆነ 9 በመቶ ያህል ሙቀት ያጣል፤ እንጀራው ዓይን አላወጣም ተብሎ ሊጡ ይታማል። ሽቦው ራሱ ደግሞ ወደ 246 ዋት እየበላ ቱቦውን ያሞቃል።

የዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን ደንብ ከቤቱ መግቢያ እስከ ዕቃው ድረስ ለመብራት 3፥ ለሌላው 5 በመቶ እንዳያልፍ ይመክራል። በ6 ካሬ ጥፋቱ 6.6 ቮልት፥ ማለት 3 በመቶ ነው፤ የመብራቱን ድርሻ መጋቢው ብቻውን ጨረሰው። ሽቦው ሲሞቅ ተቃውሞው እንደሚጨምርም አይረሳ። በ10 ካሬ ግን 3.9 ቮልት፥ ማለት 1.8 በመቶ ብቻ ነው። ስለ ዋጋው በግቢው ብዙ ከተከራከርን በኋላ 10 ካሬው ተዘረጋ፤ ብሬከሩም 32 አምፔር ሆነ። ሁለት ምጣድ አብሮ ከተሰካ ይወርዳል፤ ይውረድ።

መመለሻው ሽቦ፥ ማለት ኒውትራሉ፥ ያንኑ 25 አምፔር ስለሚሸከም ውፍረቱ እኩል ይሁን። በንኡሱ ሣጥን ውስጥ ኒውትራሉንና የመሬቱን ሽቦ አንድ ላይ ማሰር አይገባም፤ ቢታሰሩ ከሚመለሰው ኮረንቲ ከፊሉ በመሬቱ ሽቦ ይሄዳል፤ ኒውትራሉ የተበጠሰ ዕለትም የምጣዱ ብረት ጋጋሪዋን ይይዛል።